ስለ ሥነ ፍጥረትና ስለ ሐዳር አጥንት የተነገረ ቃል



በኦሪት ሕግ ኀምሳኛው ዓመት የነጻነት ዓመት ነበረ፤ ባሪያው ወደ ቤተ ሰቡ፥ የተሸጠውም መሬት ወደ ባለርስቱ ይመለስ ነበር። ስለዚህ ኢዮቤልዩ የሚያከብር ሰው አስቀድሞ ዘመን መቍጠር አለበት። ዘመን የሚቈጥርም ሰው ከአባቱ ወደ አያቱ፥ ከአያቱም ወደ ቅድመ አያቱ እያለ ወደ ኋላ ሲሄድ፤ በመጨረሻ ከአዳም ደጃፍ መድረሱ አይቀርም። በዛሬው በዓል ስለ ፍጥረት መጀመሪያ ጥቂት ቃል እንዲነገር የተመረጠው ስለዚህ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም ከፊተኛው ይልቅ የሚያስቸኵል ነው። በየደብሩ አንድ ዐይነት ልጅ ይገኛል። በሥራ ቀን የባዮሎጂ መምህሩ፤ ሕይወት ያለው ሁሉ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት ጀምሮ በዝግመተ ለውጥ ከአንድ ግንድ እየተከፋፈለ እንደ መጣ ያስተምረዋል። እሑድ በሰንበት ትምህርት ቤት ደግሞ እግዚአብሔር በስድስት ቀን 22 ፍጥረት እንደ ፈጠረ ይማራል። ልጁም ሁለት መልስ ይይዛል፤ አንዱን ለፈተና ወረቀት፥ ሁለተኛውን ለንስሓ አባቱ። ደፍሮ ቢጠይቅ «ዝም በል፤ ይህ የመናፍቃን ነገር ነው» ይባላል፤ በወዲያኛውም በኩል «ይህ የደብተራ ተረት ነው» ተብሎ ይሣቅበታል። እንዲህ ሁለት ልብ ሆኖ ያደገ ልጅ አንድ ቀን አንዱን ልብ ይጥላል፤ የሚጥለውም ብዙ ጊዜ ዝም በል የተባለበትን ነው። ካህናት በቅዳሴ ጊዜ የጐደሉትን ወጣቶች አንድ በአንድ ቢጠይቁ፤ ሁሉም በዓለም ፍቅር ብቻ የቀሩ አለመሆናቸውን ያገኙታል።

አስቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረውን በሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚከራከርለትን ትምህርት ራሱን አያውቀውምና። ለቆጵሮሱ ለኤጲፋንዮስ የሚሰጠው አክሲማሮስ የሚባለው መጽሐፍና መምህራን በቃል የሚያወርዱት የሥነ ፍጥረት ትምህርት ፍጥረትን በየቀኑ ለይተው ይቈጥራሉ። በእሑድ ስምንት፤ እነርሱም መሬት፥ ውሃ፥ ነፋስ፥ እሳት፥ ሰማያት፥ ጨለማ፥ መላእክት፥ ብርሃን ናቸው። በሰኞ ጠፈር ብቻ። በማክሰኞ ከምድር የሚበቅሉ ሦስት፤ በረቡዕ ፀሐይ፥ ጨረቃና ከዋክብት፤ በሐሙስ ከውሃ የተገኙ ሦስት፤ በዓርብ ከምድር የተገኙ ሦስት የእንስሳት ወገንና አራተኛው ሰው። ድምሩ 22 ነው። መጽሐፈ ኩፋሌም 22 ይላል፤ ነገር ግን እርሱ የእሑዱን ሰባት፥ የማክሰኞውን አራት አድርጎ ይከፍለዋል። ድምሩ አንድ ሆኖ አከፋፈሉ ሁለት መሆኑን ልብ ያለ ተማሪ ጥቂት ነው።

አፈጣጠሩም በአርምሞ፥ በነቢብ፥ በገቢር ነው ይላሉ፤ ሰባቱን በአርምሞ፤ ብርሃንን በነቢብ፤ ሰውንም በገቢር። ከዚህም ይልቅ ለዛሬው ነገር የሚጠቅመው፤ እምኀበ አልቦ የተፈጠረውንና ግብር እምግብር የሆነውን መለየታቸው ነው። አራቱ ባሕርያት ካለመኖር ወደ መኖር መጡ፤ ዛፉና አራዊቱ፥ የሰውም ሥጋ ግን አስቀድሞ ከተፈጠረው ተገኙ። በሐሙስ ዕለት ትእዛዙ ወደ ውሃ ነው፤ ውሃም አስገኘ። በዓርብ ትእዛዙ ወደ ምድር ነው፤ ምድርም አስገኘች። ይህን ያስተዋለ ሰው፤ እግዚአብሔር ፍጥረትን በፍጥረት እጅ መሥራቱ ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንግዳ ነገር አለመሆኑን ይረዳል።

ነገር ግን በዚህ ስፍራ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። አንዳንድ ተናጋሪዎች ከዚህ ተነሥተው «አባቶች ዝግመተ ለውጥን ከዳርዊን በፊት ያውቁት ነበር» እያሉ ይመካሉ። ይህ እውነት አይደለም። ያላሰቡትን በአፋቸው ማኖር አባቶችን ማክበር አይሆንም። ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ስለ ስድስቱ ቀናት ዘጠኝ ድርሳን ሲሰብክ፤ ከሰሚዎቹ ብዙዎቹ በእጃቸው ሥራ የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ፤ እርሱም በዘመኑ የነበረውን የተፈጥሮ ዕውቀት ሳይፈራ አምጥቶ ነገራቸው። ከነገራቸውም አንዱ፤ እንደ እባብ ረዥም የሆነው ዓሣ ከጭቃ ይወለዳል የሚል ነበር። ዛሬ ስሕተት መሆኑ ታውቋል፤ ስለዚህ ግን ባስልዮስን ከቅዱሳን ቍጥር የፋቀው የለም። የአራቱ ባሕርያትም ነገር እንዲሁ ነው። የኬሚስትሪ መምህር 118 ንጥረ ነገሮች አሉ ብሎ ሲያስተምር የካህኑ ልጅ ሰምቶ ይጽፋል፤ «አራት ያለው መጽሐፍ ተሻረ» ብሎ ያለቀሰ አባት ግን አልተሰማም። መምህራን ባሕርያትን ስለ ሰው ጠባይና ስለ መዋቲ ሥጋው ያስተምሩባቸዋል፤ ማንም የኬሚስትሪ መጽሐፍ አድርጎ አያነባቸውም። በኬሚስትሪ ያልተፈራው ነገር በባዮሎጂ ለምን ይፈራል?

የዘመኑም ቍጥር ሊመረመር ይገባዋል። ባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው ይላል። ለምሳሌ በ2017 ላይ 5500 ቢደመር 7517 ይሆናል፤ ይህም ለአራት ሲካፈል አንድ ይተርፋልና ዘመኑ ማቴዎስ ሆነ። ለበዓላትና ለአጽዋማት ማውጫ ይህ ቍጥር ሥራውን ያለ እንከን ይሠራል። መጽሐፈ ኩፋሌ ግን፤ እርሱም መላው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረ መጽሐፍ ነው፤ አንዱን ኢዮቤልዩ 49 ዓመት አድርጎ ከአዳም ጀምሮ እስራኤል ምድረ ርስት እስኪገቡ ድረስ 50 ኢዮቤልዩ፥ ማለት 2450 ዓመት ይቈጥራል። ከሰብዓ ሊቃናት ኦሪት ከሚወጣው ቍጥር ይህ ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ ያንሳል። ሁለቱም ግን ከ81ዱ መጻሕፍት ውስጥ ናቸው፤ በአንድ ዕቃ ቤት አብረው ይቀመጣሉ። የአየርላንድ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ጄምስ አሸር ደግሞ ከዕብራይስጡ ተነሥቶ፤ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1650 ባሳተመው መጽሐፍ፤ ዓለም የተፈጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ዓመት ነው አለ። እንግዲህ «መጽሐፍ ቅዱስ የዓለምን ዕድሜ ይህን ያህል ነው ይላል» የሚል ሰው፤ የማንን ቍጥር እንደ ያዘ አስቀድሞ ይንገር።

አሁን ወደ ሌላው ወገን መሄድ ይገባል። ቻርልስ ዳርዊን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1809 በእንግሊዝ አገር ተወለደ። ወደ ካምብሪጅ የተላከው ቄስ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ከ1831 እስከ 1836 ቢግል በምትባል መርከብ ዓለምን ዞሮ ተመለሰ፤ ከዚያም ከሃያ ዓመት በላይ ሲመረምር ኖሮ፤ በኢትዮጵያ ዐፄ ቴዎድሮስ ነግሠው ሳሉ በ1859 መጽሐፉን አወጣ። ዋላስ የሚባል ሌላ እንግሊዛዊም ለብቻው ወደዚያው አሳብ ደርሶ ነበር።

አሳቡን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ዳርዊን ራሱ ነገሩን የጀመረው ከከብት አርቢና ከርግብ አርቢ ነውና። የኢትዮጵያ ገበሬ ማሽላው ሳይታጨድ እርሻውን ይዞራል፤ ከዛላው መካከል ፍሬው የሞላውን፥ ወፍ ያልደፈረውን፥ ዝናብ ቢያጥር የቻለውን መርጦ ለዘር ያስቀምጣል። በሚመጣው ዓመት የሚበቅለው የተመረጠው ዘር ነው። እንዲህ እያለ በብዙ ትውልድ እጅ ከአንዱ እህል ብዙ ዐይነት ወጣ፤ ቫቪሎቭ የሚባለው የሩስያ ሊቅ በ1927 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ይህን የዘር ብዛት ሊሰበስብ ነበር። በዱር ግን መራጭ ገበሬ የለም፤ በእርሱ ፈንታ ድርቅና ብርድ፥ በሽታና ጠላት ይመርጣሉ። አንድ እናት ከወለደቻቸው ሁለቱ ፈጽሞ አይመሳሰሉም፤ የሚወለደው ሁሉ አያድግም፤ ለስፍራው የተስማማው ብዙ ዘር ይተዋል። ዘመኑ በረዘመ ቍጥር ልዩነቱ ይሰፋል። በቆላ ክሎሮኪን የሚባለው መድኀኒት ወባን ማዳን ያቃተው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ መድኀኒቱን የቻለው ተሐዋሲ ተርፎ ተባዛ።

የጣና ገዳማት መነኮሳት ደግሞ ሳያውቁት በትልቅ ምስክር አጠገብ ይኖራሉ። በጣና ዓሣ አጥማጆች ነጭ ዓሣ የሚሉት ወገን አለ። ሊቃውንት ሲመረምሩት 15 ያህል ዐይነት ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ ሌላውን ዓሣ ይበላል፥ አንዱ ከጭቃው ይለቅማል፥ አንዱም ሣር ይግጣል፤ የአፋቸውም ቅርፅ እንደ መብላቸው ይለያያል። ከሐይቁ ሥር የወጣው ደለል ደግሞ፤ ጣና ከ15 ሺሕ ዓመት በላይ አስቀድሞ ደርቆ እንደ ነበረ ያሳያል። አፈ ሰፊውና አፈ ጠባቡ ከአንድ ወገን ተከፍለው መውጣታቸውን ዘራቸውን የመረመሩ ሰዎች መስክረዋል።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያስቈጣው ግን የዓሣ ነገር አይደለም፤ የሰው ነገር ነው። በዚህ የተነሣ በአሜሪካ የተደረገው ክርክር ለሁሉ አገር ትምህርት ይሆናል። በ1925 የቴኔሲ ግዛት፤ ሰው ከዝቅተኛ እንስሳ ወገን ወረደ ብሎ በመንግሥት ትምህርት ቤት ማስተማርን የሚከለክል ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ዴይተን በምትባል ትንሽ ከተማ ጆን ስኮፕስ የሚባል መምህር በዚህ ሕግ ተከሰሰ። ሦስት ጊዜ ለአገሩ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ብራያን ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ሊከራከር መጣ፤ ዳሮው የሚባለው ጠበቃ ስለ መምህሩ ቆመ። ዳሮው ብራያንን ከምስክር ወንበር አስቀምጦ፤ የሊቀ ጳጳሱን የአሸርን ቍጥር እያነሣ ሲጠይቀው፤ ብራያን ስድስቱ ቀናት የ24 ሰዓት ቀናት ላይሆኑ እንደሚችሉ አመነ። መምህሩ ጥፋተኛ ተብሎ 100 ዶላር ተቀጣ፤ ብራያንም ከፍርዱ በኋላ በአምስተኛው ቀን ሞተ። ቅጣቱ በ1927 በይግባኝ ፈረሰ፤ የፈረሰው ግን ገንዘቡን ዳኛው ስለ ወሰነው ነው እንጂ ስለ ዋናው ነገር አልነበረም። ሕጉ እስከ 1967 ቆየ። ብራያን ለድኻ የሚቈረቈር ሰው ነበረ፤ የፈራውም «ኀይለኛው ይኑር፤ ደካማው ይጥፋ» የሚል ትምህርት በሰው ላይ እንዳይሠለጥን ነው። በዚህ ፍርሀቱ የተሳሳተ አይመስልም። የተሳሳተው እምነትን በፖሊስና በገንዘብ ቅጣት ለማስጠበቅ በመሞከሩ ነው።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ሙግት አልተደረገም፤ ነገር ግን ምስክሩ የወጣው ከኢትዮጵያ መሬት ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. እሑድ ነበረ፤ ጾመ ነቢያት የሚያዝበትም ቀን ነበረ። በዚያ ቀን በአፋር ምድር ሐዳር በሚባል ስፍራ ዶናልድ ጆሃንሰን የሚባለው አሜሪካዊና ባልንጀራው ከቈላው ዳገት ላይ የክንድ አጥንት አዩ፤ ከዚያም ሌላው አጥንት እየተለቀመ ከመላው አካል ከመቶ 40 እጅ ያህሉ ተገኘ። በሰፈራቸው ሲዘፈን ከነበረው የእንግሊዝኛ ዘፈን ስም ሉሲ አሏት፤ በአማርኛ ድንቅነሽ ተባለች። በአዲስ አበባ ግን በዚያ ቀን ስለ አጥንት ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ባለው ሌሊት 60 ያህል የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሹማምንትና መኳንንት ያለ ፍርድ ተገድለው፤ ከተማው በሐዘንና በፍርሀት ተውጦ ነበርና።

ቁመቷ ከአንድ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። የዳሌዋና የጕልበቷ አጥንት በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ እንደ ነበረ ያመለክታል፤ የወገኖቿ ራስ ቅል ግን ከቺምፓንዚ እምብዛም አይበልጥም። ዕድሜዋ 3 ሚሊዮን ከ180 ሺሕ ዓመት ገደማ ነው ይላሉ። ይህ እንዴት ይታወቃል የሚል ጥያቄ የሚገባ ጥያቄ ነው። በሐዳር እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ እንደ እንጀራ በንጣፍ በንጣፍ ተደራርቧል። በአመዱ ውስጥ ፖታስየም የሚባል ነገር አለ፤ ከእርሱም አንዱ ዐይነት ቀስ እያለ አርጎን ወደሚባል አየር ይለወጣል። የዚህ ፖታስየም እኩሌታው ተለውጦ እስኪያልቅ 1250 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ አየሩ ይወጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን የሚፈጠረው አየር ታስሮ ይቀራል። የታሰረውን አየር የለካ ሰው አመዱ ከቀዘቀዘ ስንት ዘመን እንደ ሆነው ያውቃል። ይህ እንደ ባሕረ ሐሳብ ያለ ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡን የሚጠራጠር ሰው ቍጥሩን ሊያመጣ ይገባዋል እንጂ መቈጣቱ መልስ አይሆንም።

ከድንቅነሽም በኋላ ብዙ ተገኝቷል። በ1993 ዓ.ም. ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ከሐዳር ማዶ በዲኪካ የአንዲት ሕፃን አጥንት አገኘ፤ ሰላም ተባለች። በመካከለኛው አዋሽ የተገኘው አርዲ የሚባለው 4 ሚሊዮን ከ400 ሺሕ ዓመት ይሆነዋል። በኦሞ ኪቢሽ የተገኘውና ሰው ራሱ የሆነው የራስ ቅል ደግሞ ከ200 ሺሕ ዓመት በላይ እንደሚሆነው በ2022 የወጣው ምርመራ ይናገራል። ከቈፋሪዎቹ ብዙዎቹ የዚህች አገር ልጆች ናቸው፤ ነገሩን የፈረንጅ ተንኰል ብሎ ማለፍ አይቻልም።

«ሰው ከዝንጀሮ መጣ ይላሉ» የሚለው አባባል ግን መታረም አለበት፤ ሊቃውንቱ ያላሉትን መንቀፍ ሙግት አይሆንምና። በርስት ክርክር ሁለት ባላጋራዎች ዘራቸውን ቈጥረው ከአንድ አቅኚ አባት ቢደርሱ፤ አንዱ የሌላው ልጅ ነው አይባልም። የሰሜን ጭላዳ የማንም ሰው አያት አይደለም። ሊቃውንቱ የሚሉት፤ ሰውና ቺምፓንዚ ከ6 ወይም ከ7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አንድ አቅኚ አባት ነበራቸው፤ ከዚያም ሁለቱ ወገኖች ተለያዩ ነው። በሰውና በቺምፓንዚ ሰውነት ውስጥ ያለው የዘር ጽሕፈት ፊደል በፊደል ሲነጻጸር ከመቶ 98 እጅ በላይ አንድ ሆኖ መገኘቱን ምስክር ያደርጋሉ።

እንግዲህ ከባዱ ነገር እነሆ፤ ካህናት ሊያልፉት የማይገባ ነው። ሞት በአዳም ኃጢአት ገባ ተብሎ ይሰበካል፤ ነገር ግን የሐዳር አሸዋ ከሰው በፊት በሞቱ እንስሳት አጥንት የተሞላ ነው። ስለዚህ ነገር ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፍ ያስተማረው ትምህርት ብርሃን ይሰጣል። ሰው ካለመኖር የተገኘ ስለ ሆነ በባሕርዩ ሟችና ፈራሽ ነው፤ ከሞት ይጠብቀው የነበረው የእግዚአብሔር ጸጋ ነው፤ በበደለም ጊዜ ጸጋው ሲለየው ወደ ባሕርዩ ተመለሰ ብሎ ያስተምራል። እንዲህ ከሆነ የአዳም ሞት ጸጋ ከተሰጠው በኋላ የተገፈፈ ሰው ሞት ነው፤ ጸጋ ያልተቀበለው የአራዊት ሞት ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። የዘር ሊቃውንት የሰው ልጅ አባቶች ቍጥር ከጥቂት ሺሕ በታች ወርዶ አያውቅም ይላሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አንድ አዳምን ታስተምራለች። በሌላ አገር ያሉ ክርስቲያን ሊቃውንት፤ አዳም ከብዙዎች መካከል እስትንፋሰ ሕይወትን የተቀበለ የቃል ኪዳን ራስ ነው የሚል መልስ ሞክረዋል፤ ሌሎችም አይቀበሉትም። ይህ ጥያቄ አልተዘጋም። ያልተዘጋን ጥያቄ ተዘግቷል ብሎ ለልጅ መንገር ግን፤ ልጁ ካደገ በኋላ የተዘጋውን ሁሉ እንዲጠራጠር ያደርገዋል።

በወዲያኛው ወገን ደግሞ፤ አጥንት ቈጥረው እግዚአብሔር የለም የሚሉ አሉ። እነዚህ ከሙያቸው አልፈዋል። አርጎን የለካ ሰው ዘመንን ለካ እንጂ ፈጣሪን አልለካም። ስለ ሰው ነፍስ ለባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት ናት የሚለውን ትምህርት ከሐዳር አመድ ውስጥ ፈልጎ ያጣው ሰው፤ በማይገኝበት ስፍራ ስለ ፈለገው ነው። በዚህ ዕውቀት ከታወቁት ሰዎች አንዱ ቴዎዶሲዩስ ዶብዣንስኪ በ1900 በዩክሬን የተወለደ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበረ፤ በ1973ም በጻፈው ጽሑፍ፤ ዝግመተ ለውጥን ያልያዘ ሰው ስለ ሕይወት የሚናገረው ሁሉ ትርጕም እንደሚያጣ አስረዳ። ግሬጎር ሜንዴልም፤ የዘርን ውርስ ሥርዓት በአተር የመረመረው፤ መነኵሴ ነበረ። ሁለቱም የያዙትን እምነት በቤተ ሙከራ ደጅ አልጣሉትም።

የቅኔ ተማሪ ሰምን ትቶ ወርቅ ብቻ ሊይዝ ቢሞክር መምህሩ ይገሥጸዋል፤ ሰሙን ብቻ ይዞ ወርቁን ቢስትም ይገሥጸዋል። በትርጓሜ ቤትም አንዱ ቃል አንድም፥ አንድም እየተባለ ይፈታል፤ አንዱን ፍቺ የያዘ ሌላውን ያመጣውን መናፍቅ አይለውም። ይህን ሥርዓት ለዳዊትና ለኢሳይያስ የሚፈቅድ መምህር፤ በኦሪት ፊተኛ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ እንደ ኬሚስት መዝኖ እንዲያነብ የሚያስገድደው ሕግ ከየት መጣ? ፍቺው ሲበዛ ግን ፈጣሪነቱ አይፈታም፤ ካለመኖር ወደ መኖር ያመጣ፥ ሰውንም በመልኩ የፈጠረ እግዚአብሔር ነው የሚለው መሠረቱ ነው።

ስለዚህ ልጁ ሲጠይቅ ካህኑ «ዝም በል» ከሚለው ይልቅ፤ «የተማርኸውን ንገረኝ» ቢለው ይሻላል። አጥንቱን እንደ ሆነ ይቀበለው፤ ዘመኑንም ይቀበለው፤ አጥንቱ የማይናገረውንም ያስተምረው። የማያውቀውን ጥያቄ ሲያገኝ «ይህን አላውቅም፤ አብረን እንጠይቅ» ቢል ክህነቱ አይጐድልም።

በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጽር በዚያች የኅዳር ሌሊት የተገደሉት ሹማምንት መቃብር አለ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም መሄድ በእግር የጥቂት ጊዜ መንገድ ነው። የድንቅነሽ እውነተኛ አጥንት በተቈለፈ ክፍል ይጠበቃል፤ ለሕዝብ የሚታየው በአምሳሏ የተሠራው ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ከካህናቸው ጋራ ወደዚያ ቢሄዱ፤ ቆማ ብትሆን ለዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከደረቱ እንደምትደርስ ያያሉ። ያን ጊዜ ልጁ የሚጠይቀው ነገር ይኖረዋል፤ የሚጠይቀውም አጠገቡ የቆመውን ነው።